በልቻለሁ

እሜቴ ካሮት ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚዳብሱት ትራሳቸውን ነው። የረገፈውን ፀጉር አንድ በአንድ ይለቅሙና በጣታቸው አድበልብለው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ ሻሻቸውን ግጥም አድርገው ያስሩና ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው «እንዴት አደራችሁ?» እያሉ ይወጣሉ። ይሄ ሁሉ ድብብቆሽ ከአንድ ሰው ለመሸሸግ ነው፤ ከልጃቸው። የልጃቸው ሥራ ምን መሰላችሁ? ፀጉር ሠሪ! ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀምጦ የፀጉርን መርገፍ መደበቅ! እስቲ ይሄን ምን ይሉታል?

ካሮት የሚለው ስም የወጣላቸው ገበያ ነው። ባላቸው ገና እግር ያልተከለች ሴት ልጅ አስታቅፏቸው ሲሞት፣ ገበያው መግቢያ ላይ ሸራ ዘርግተው አትክልት መሸጥ ጀመሩ። ሸራቸው ላይ ያለው ዕቃ ከማንም አይበልጥም፤ አፋቸው ግን ይበልጣል። «ካሮት ለቆዳ! ቆስጣ ለደም! ቲማቲም ለፊት ጥራት! አቮካዶ የበላች ሴት ፀጉሯን የምታስርበት ገመድ ታጣለች!» ይላሉ ድምፃቸውን ለቀቅ አድርገው። ግማሹን ከሬዲዮ የሰሙት ነው፤ ግማሹን ደግሞ እዚያው የፈጠሩት። ኮረዶቹ እየሳቁ ይመጣሉ፣ እየሳቁ ይገዛሉ።

ከጎናቸው ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ነገረኛ ጓደኛ ነበረቻቸው። «እሜቴ ካሮት፣ ይሄ ሁሉ የቆዳ መድኃኒት እጅሽ ላይ እያለ የራስሽ ቆዳ ምነው የድንች ጆንያ መሰለ?» ትላቸዋለች።

«የሚሸጥ አይበላም» ይላሉ እሳቸው። ሕጋቸው ይኸው ነበር፤ አፍርሰውትም አያውቁም።

ሲመሽ ያልተሸጠውን፣ የጠወለገውን ካሮትና አንድ ጎኑ የፈረጠውን ቲማቲም ይዘው ይገባሉ። የተበላሸ የተበላሸውን በቢላ ጫፍ ነቅሰው ያወጡና የቀረውን ከጎመን ጋር አብስለው በሳህን ያቀርባሉ። በአንድ ሳህን ብቻ።

«አንቺስ እማዬ?» ትላለች ልጅቷ።

«እኔ በልቻለሁ።»

«የት?»

«ገበያ ነዋ!»

አይ «በልቻለሁ»! ከዚህ የቀለለ ውሸት ከየት ይገኛል? ሚዛን ላይ አይወጣ፣ ማንም ሆድ ከፍቶ አያይ። እሜቴ ካሮት ደግሞ ሲዋሹ ያስጎመጃሉ። ከንፈራቸውን ጠረግ ያደርጋሉ፣ ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉራሉ፣ «ኡፍ፣ ዛሬስ አበዛሁት» ይላሉ። ልጅቷም ገበያ ማለት ትልቅ የግብዣ ቤት እየመሰላት አደገች። ቶሎ ትልቅ ሰው ሆና እዚያ ሄዳ ለመብላት ትመኝ ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳትነግራቸው ገበያ ድረስ መጣች። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እናቷ ደረቅ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ አገኘቻቸው። «ምሳው የታለ?» አለች ዙሪያውን እያየች። እሜቴ ካሮት ክው አሉ። የነጭ ሽንኩርቷ ሴትዮ ናት የደረሰችላቸው። «አዬ፣ ምን ያደርጋል! አሁን በልተን ጨረስን እኮ፤ ትንሽ ቀደም ብትዪ ኖሮ!» አለቻት። በአካባቢው ያለ ነጋዴ ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ዳቦውን አየት አደረገችና ወደ ቤት ተመለሰች። ያን ዕለት ማታ የቀረበላትን ሳህን ሙልጭ አድርጋ በላች።

ምነው እንደ ሰው ለሁለት ተካፍለው አይበሉም ነበር የሚል ይኖራል። እሳቸውም አስበውት ያውቃሉ። ግን ሥራ በጀመሩ ሰሞን አንዲት ደንበኛ የሰጠቻቸውን የተቀቀለ እንቁላል ርሃብ ቢጠናባቸው እዚያው ቆመው ዋጥ አድርገው ነበር። ማታ ቤት ሲገቡ፣ ለጎረቤት አደራ ብለው የተዉዋት ልጃቸው ጣቷን እየጠባች ሳትበላ ተኝታለች። ቤት ውስጥም የሚቀመስ ነገር አልነበረም። እንቁላሉ ተመልሶ ጉሮሯቸው ላይ የቆመ መሰላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅ እያያቸው ምግብ አይወርድላቸውም፤ አንጀታቸውን አስረው መኖር ለመዱ።

ልጅቷ አደገች። ፀጉሯ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ አደገ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ ማበጠሪያ የሚሰብር ፀጉር። ቆዳዋም ጥርት ያለ ነው፤ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላታል። «የእማዬ ካሮት ነው» ትላለች። እሜቴ ካሮት ይሄን ሲሰሙ ደስታቸውን የሚያደርጉበት ያጣሉ። «እኔ ፀጉርሽን ሳይ ነው የምጠግበው» ይሏታል። ያ ፀጉር ማስታወቂያ ሆናትና ሙያውን ተማረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ፀጉር ቤት አደረገቻት። ሁለት መስታወት፣ ፀጉር የሚደርቅበት አንድ አሮጌ ካስክ፣ ፀጉር የሚጠቀለልበት አንድ ሳጥን ሙሉ ቢጉዲን፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ከአልጋው ይልቅ መኪናው ውስጥ የሚያድርበት ቀን ይበዛል።

እሜቴ ካሮትም ጉልበታቸው ሲዝል ሸራቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። የነጭ ሽንኩርቷ ሴትዮ ስትሸኛቸው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል! በይ ሂጂ እንግዲህ» ብላ አሳቀቻቸው። ከዚያ ዘወር አለችና አለቀሰች።

ፀጉራቸው በእፍኝ መርገፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥፍራቸው መሃል መሃሉ ሰርጉዶ ማንኪያ መሰለ። የከንፈራቸው ዳርና ዳር ተሰነጠቀ፤ ክንዳቸውን ሲያኩት ቆዳው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ከጓዳ እስከ ደጅ ሲራመዱ ልባቸው ድው ድው ይላል። «እርጅና ነው» አሉ ለራሳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተዋል፤ ሰምተውም ደበቁ።

ግን ከፀጉር ሠሪ እስከ መቼ ይደበቃል? አንድ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ልጃቸው «እማዬ፣ ነይ እስቲ ራስሽን ልጠብሽ» አለቻቸው።

«ኧረ ተዪኝ፣ ትናንት ታጥቤያለሁ።»

«ማን አጠበሽ?»

«እኔው ነኛ! እጅ የለኝም እንዴ?»

«ተቀመጪ በቃ» አለችና ሻሹን ፈታችው።

ብዙ ራስ ያየች ልጅ ናት። ደንበኛ ስትደነግጥባት እንኳ «ይሄማ ቀላል ነው፣ አይዞሽ» ማለት ልማዷ ነው። አሁን ግን ሻሹን እንደያዘች ቀረች። የእናቷ የራስ ቆዳ ከየቦታው ወጥቶ ይታያል። በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ፤ እሜቴ ካሮት ዓይናቸውን ሰበሩ። ልጅቷ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ስትመለስ እንቁላልና አቮካዶ ይዛለች።

ለደንበኞቿ የምታደርገውን ነው ያደረገችው፤ ስትደነግጥ እጇ የሚያውቀው ይሄንኑ ነው። አስኳሉን ከአቮካዶው ጋር መታችው፣ ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ የእናቷን ራስ ትለስን ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ እሜቴ ካሮት።

«ፀጉርን ይመግባል እማዬ።»

«በአናት? አፍ የት ሄዶ? የሚበላ ነገር ራስ ላይ ይደፋል? ጡር አትፈሪም?»

«ዝም በዪ፣ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል።»

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! ይሄን እንቁላል ለልጅሽ ብትጠብሺላት ምን ነበረበት?»

ሁለቱም ሳቁ። እየሳቁ ሳለ እሜቴ ካሮት ግንባራቸው ላይ የወረደውን አቮካዶ በጣታቸው ጠረጉና ሳያስቡት ላስ አደረጉት። እንደገና ጠረጉ፣ እንደገና ላሱ። ልጃቸው በመስታወቱ አየቻቸው። ሳቋ እዚያው ደረቀ።

«እማዬ፣ ርቦሻል እንዴ?»

«ኧረ በልቻለሁ!» ብለው ሊታጠቡ ብድግ ሲሉ ወለሉ ከሥራቸው የሸሸ መሰላቸው። እዚያው ወደቁ።

የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ትሕትና ያላት ወጣት ናት። ጥፍራቸውን አየች፣ የዓይናቸውን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ደም አስቀዳች። ውጤቱ እስኪመጣ «ብዙ ጊዜ ምን ይመገባሉ እማማ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

የድሮው ነገር ምላሳቸው ላይ መጣ። «ካሮት ለቆዳ፣ ቆስጣ ለደም፣ ቲማቲም ለፊት ጥራት፣ አቮካዶ...»

«ይሄን ሁሉ ይበላሉ?»

«ኧረ እሸጥ ነበር!»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እሺ፣ ዛሬ ቁርስስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

የደሙ ውጤት መጣ። ሐኪሟ ደጋግማ አየችውና ፈገግታዋ ጠፋ። «እማማ» አለች ወንበሯን አስጠግታ፣ «እርስዎ በልቻለሁ ይላሉ፤ ደምዎ ግን አልበላሁም ይላል።»

ሌላ በሽታ አልተገኘባቸውም። ነገሩ የደም ማነስ ነው፤ የዓመታት ርሃብ ያመጣው። ሰውነት ምግብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያስርበው ፀጉርን፣ ቆዳንና ጥፍርን ነው ብላ አስረዳቻቸው፤ ለልብ ለመቆጠብ ብሎ። «የእርስዎ ግን ልብዎም ጋ ደርሷል» አለች። ክኒን አዘዘች። ጉበት፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን ይብሉ፤ ሎሚ ይጨመቅበት ወይም ብርቱካን ይከተለው፤ ሻይ ከምግብ ጋር ይቅርብዎ። «ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። ካልበሉ ፀጉርዎን ብቻ አይደለም፣ እርስዎንም እናጣለን።» ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማለች። ጣቶቿ መሃል እንቁላሉ እንደደረቀ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታጥቃ ተነሳች። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ጉበት ወይ ምስር ከጎመን ጋር ለእናቷ ለብቻ ትሠራለች። ሳህኑን ፊታቸው አስቀምጣ ወደ ደንበኛ ትሮጣለች፤ ስትመለስ ሳህኑ ጥርግ ብሎ ይጠብቃታል። «በላሽ?» «በልቻለሁ!» ስንጥሯም አልጠፋች። ክኒኑን በእርግጥ ይውጣሉ፤ በእሱ አይታሙም፤ ልጅ ክኒን አይበላማ። እንቁላሉ ግን በዚያችው ፀጉራቸውን ይደብቁባት በነበረችው ኪስ ተጉዞ የልጅ ልጃቸው አፍ ውስጥ ይገባል። ጉበቱም እንደዚያው። ትንሿ ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገባቸው ቁጭ ስትልና ቀና ብላ ስታያቸው ጉሮሯቸው ይዘጋል። እንደሚሞቱ ያውቃሉ፤ ተነግሯቸዋል። ሞትን ፈርተውም ነበር። ግን ምን ያድርጉ፣ እጃቸው ወደ ገዛ አፋቸው የሚወስደው መንገድ ጠፍቶበታል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አንድ ቀን ትንሿ ፀጉሯን እየተጎነጎነች «እማዬ፣ የእማማ እንቁላል ሰለቸኝ፤ ሁልጊዜ እንቁላል!» አለች።

ልጃቸው ማበጠሪያውን አስቀምጣ እናቷ ወዳሉበት ጓዳ ገባች። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ልትሞቺብኝ ነው አይደል?» አለቻቸው።

«ልጅ እኮ ናት፤ ታድጋለች ብዬ...»

«የእሷ ሳህን ሙሉ ነው! ያኔ አልነበረንም፤ አሁን አለን። ማንን ነው ከርሃብ የምታድኚው?»

«እኔ ፀጉርሽን ሳይ እጠግባለሁ» አሉ፤ ሁልጊዜ የሚሏት ነገር ነው፣ ያረጋጋት መስሏቸው።

ልጃቸው መቀስ አነሳች። «በዚህ ፀጉር የምትጠግቢ ከሆነ አሁን እቆርጠዋለሁ! ያንቺን እኮ ነው የተሸከምኩት! ያንቺን በልቼ ነው ያበቀልኩት!» ጉንጉኗን ጨብጣ መቀሱን አስጠጋችው። እሜቴ ካሮት ክንዷ ላይ ተንጠለጠሉ። መቀሱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ምግቡ ግን ያን ቀንም አልወረደም። ሁለት ጎረሱ፣ ሦስተኛው አነቃቸው።

ከዚያ ወዲያ ልጃቸው አጠገባቸው እየተቀመጠች ትጠብቃቸው ጀመር። እየተጠበቁ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ፤ ደንበኛ ሲጠራት ትነሳለች፣ ሳህኑም እዚያው ይቀራል።

ቅዳሜ ነበር፤ ፀጉር ቤቱ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እሜቴ ካሮት ጥግ ተቀምጠው ቢጉዲኖቹን ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ ይለያሉ። ልጃቸው ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም፤ አንዷን ከካስክ ስታወጣ ሌላዋን ታስገባለች። እኩለ ቀን ላይ ሮጥ ብላ ጓዳ ገባች። ጉበቱን ለእናቷ አወጣች፤ ምስሩን ለልጇ ገለበጠችው። ድስቱ ባዶ ሆነ። እሜቴ ካሮት ተከትለዋት በሩ ጋ ደርሰው ነበር።

«እማዬ፣ አንቺስ?» አለች ትንሿ።

«እኔ በልቻለሁ።»

«የት?»

«ሥራ ቦታ ነዋ!» አለች ልጃቸው፤ ከንፈሯንም ጠረግ አደረገች።

እሜቴ ካሮት መቃኑን ይዘው ቆሙ። ቃሉ የራሳቸው ነው። የከንፈሩ አጠራረግ የራሳቸው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር፤ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በቀር በአፏ የዞረ ነገር የለም። እናንተዬ፣ ሰው ለልጁ ምግቡን ሲሰጥ ውሸቱንም አብሮ ያጎርሳል ለካ!

ገቡና የልጃቸውን እጅ ያዙ። አገላብጠው ጥፍሯን አዩ። ቀጥለው ያንን ማበጠሪያ የሚሰብር ፀጉር በጣታቸው ሰረሰሩት፤ ጣታቸው ዘለላ ፀጉር ይዞ ወጣ። ዛሬ ኪሳቸው አልከተቱትም። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ውሸቷን ነው» አሉ ለትንሿ። «አልበላችም።»

«እማዬ!» አለች ልጃቸው።

«ዝም በዪ። እኔም...» ቃሉ አልወጣ አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ተናግረውት አያውቁማ። «እኔም አልበላሁም። ገበያም በልቼ አላውቅም። እዚያ ምሳ የሚባል ነገር አልነበረም።»

ልጃቸው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «አውቃለሁ» አለች። «ዳቦውን ያየሁ ቀን ነው ያወቅሁት። ማታ በልቻለሁ ስትዪኝ አውቅ ነበር። ርቦኝ ነበር እማዬ። እያወቅሁ በላሁ።»

ከወዲያኛው ክፍል ካስክ ውስጥ የተረሳች ደንበኛ «ኧረ ተቃጠልኩ!» እያለች ነው፤ የሰማት የለም። እሜቴ ካሮት የልጃቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠጉ። ይሄን ሁሉ ዘመን የደበቁት ነገር ተደብቆ እንዳልነበረ ሲያውቁ፣ የሚያዝኑ መስሏቸው ነበር። አላዘኑም።

«እሰይ» አሉ። «እንኳን በላሽ የኔ ልጅ። ባትበዪ ኖሮ ነበር እኔ ያኔውኑ የምሞተው።»

ከዚያ ሳህኖቹን ሰበሰቡ። ጉበቱንም ምስሩንም አንድ ላይ ገልብጠው ሎሚ ጨመቁበትና ለሦስት ከፈሉት፤ ሚዛን የለመደ እጅ ነው፣ አላዳላም። ልጃቸው ማንኪያ አላነሳችም። ትጠብቃቸዋለች። ትንሿም ቀና ብላ ታያቸዋለች። ሁለት ልጆች ዓይን ዓይናቸውን እያዩዋቸው እሜቴ ካሮት የመጀመሪያውን ጎረሱ። አላመጡ። ጉሮሯቸው እንደ ልማዱ ሊዘጋ ሲል የልጃቸው ሳህን ላይ ዓይናቸው አረፈ፤ እሳቸው ካልዋጡ ያ ሳህን አይነካም። ዋጡት።

«በይ አንቺም» አሉ። ልጃቸው በላች።

ፀጉሩ ለመመለስ ወራት ፈጀበት። እንደ ሕፃን ፀጉር ሳሳ ያለ፣ ነጭ፣ ደግሞ እዚህም እዚያም የተበተነ ነው፤ እንደ ድሮው አልሆነም፣ አይሆንምም። የከንፈራቸው ዳር ግን ገጥሟል፤ ልባቸውም እስከ ደጅ ሲራመዱ አይደልቅም። ሻሹን ቤት ውስጥ ማሰር ተዉ። እኩለ ቀን ሲሆን ልጃቸው ከደንበኛዋ ራስ ላይ ቀና ሳትል «እማዬ፣ በላሽ?» ብላ ትጣራለች። እሜቴ ካሮትም በዚያ በገበያ ድምፃቸው፣ ካስክ ውስጥ ያለችው ሳትቀር እስክትሰማ፣ «አልበላሁም! ነይ፣ አንቺን እየጠበቅሁ ነው!» ይላሉ። ልጃቸው እጇን ትታጠብና ትገባለች።